የአክስቴ ልጅ ሰርግ ድሬ ነው፤ አምስት ሰው፣ አንድ ጀሪካን ጠጅ… በምን እንሂድ?

ማሂ_ከጀሞ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ከረዘመ ይቅርታ።

የአክስቴ ልጅ ልታገባ ነው። ሰርጉ ድሬዳዋ፣ ለዳግማ ትንሣኤ እሁድ። የምንሄደው ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆች (9 እና 4 ዓመታቸው ነው)፣ እናቴና እኔ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ እግሯን አጥፋ ብዙ መቀመጥ አትችልም። ግን ከሁላችን በላይ የተነሳችው እሷ ናት። ከጾሙ አጋማሽ ጀምሮ ጠጅ ጥላ ትጠብቃለች። ሃያ ሊትር ጀሪካን! "የእህቴ ልጅ ሰርግ ባዶ እጄን አልገባም" ብላ። ድሬ ጠጅ የለም ወይ ስላት እንዴት እንዳየችኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ባለቤቴ ደግሞ አንድ ማታ ወረቀት ይዞ መጣ። አስልቶታል። ትራንስፖርት፣ ልብስ፣ ስጦታ፣ የመንገድ ምግብ፣ ከሥራ የሚቀርበት ቀን። "አንቺና እትዬ ሂዱ፣ እኔና ልጆቹ እዚሁ እንሁን፣ ስጦታውን ጠንከር አድርገን እንላክ" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሂሳቡም ልክ ነው። የቤት ኪራይ በዚሁ ወር ነው የተጨመረብን።

ግን ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አባቴ ሲያርፍ ይቺ አክስቴ መርዶውን በሰማችበት ሌሊት ነው የተነሳችው። ሱቋን ቆልፋ፣ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥታ መጣች። እናቴ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አርባውን አውጥታ ነው የተመለሰችው። በልጅነቴም ክረምት ክረምት እሷው ቤት ነበርኩ። ሙቀቱ አላስተኛ ሲለን ግቢው ላይ ውሃ ረጭታ ፍራሹን ታወጣልን ነበር። እና ለልጇ ሰርግ ግማሽ ቤተሰብ ይዤ ስሄድ ምን እላታለሁ?

በባቡር ይሻላል፣ በአውቶቡስ፣ ወይስ መኪና ተከራይተን? አውሮፕላን ለአምስት ሰው አቅሜ አይደለም። ለመድረስ ቅዳሜ ከሰዓት ብዬ አስቤ ነበር፣ ይበቃል? ጠጁስ?

ሹፌር_ነኝ፦
እህቴ፣ ይህን መንገድ ለዓመታት ተመላልሼበታለሁ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እስከ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ሳታውቂው ትደርሻለሽ። ከዚያ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ። እስከ አዋሽ መሬቱ ዝቅ እያለ ሙቀቱ እየጨመረ ነው የሚሄደው። ከሚኤሶ በኋላ ደግሞ የጨርጨርን ተራራ ትያያዢዋለሽ፤ አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና፣ ቁልቢ። እዚያ ላይ ሹራብ ያስፈልጋል። መጨረሻ ላይ ደንገጎ አለ። ደንገጎን ስትወርጂ ጆሮሽ ይደፈናል፣ ከታች እንደ ምጣድ ወላፈን ፊትሽን ይመታሻል፣ ያኔ ድሬ ደርሰሻል ማለት ነው።

አሁን ጠጁ። አደራ! ጢም ብሎ ተሞልቶ ክዳኑ የተጠረቀመ ጀሪካን ቦምብ ነው። አዋሽ ላይ ሙቀቱ እንደገና ያፈላዋል። ጨርጨርን ስትወጡ ደግሞ አየሩ ይሳሳል፣ ውስጥ የታመቀው መውጫ ይፈልጋል። ከላይ አራት ጣት ያህል አጉድሉለት። መኪና በቆመ ቁጥር ክዳኑን ከፈት አድርጋችሁ አስተንፍሱት። አንዴ የአንዲት እናት ጠላ መኪና ውስጥ ፈንድቶብኝ የሰው ሻንጣ ሁሉ ጌሾ ጌሾ ሸቶ ነው የገባነው።

ስለ ጸጥታው ደግሞ እዚህ የሚነግርሽን አትመኚ፣ እኔንም ጨምሮ። የምትሄጂበት ሳምንት ላይ ከዚያ የመጣ ሹፌር ጠይቂ። ሌሊት አትጓዙ። በቃ።

የለገሃር_ልጅ፦
ባቡር! ለእናትሽ ጉልበት ባቡር ነው። ተነስታ ትንቀሳቀሳለች፣ እግሯን ትዘረጋለች፣ ሽንት ቤትም አለው። ጠዋት ከለቡ ተነስተሽ ከሰዓት ድሬ ነሽ። በየቀኑ ስለማይሄድ ቀኑን ቀድመሽ አረጋግጪ፣ ቲኬትም ቀድመሽ ያዢ። መታወቂያ እንዳትረሱ። አዋሽ ፓርክ አካባቢ ልጆቹን መስኮት ጋ አስቀምጫቸው፣ ከቀናቸው ሳላ ያያሉ። ግመልማ እስኪሰለቻቸው።

ጉዱን ልንገርሽ ደግሞ። አንዳንዴ ከብት ወይ ግመል ሀዲዱ ላይ ይገባና ባቡሩ ይቆማል። ስለዚህ በዚህ ሰዓት እደርሳለሁ ብለሽ ማንንም እንዳትቀጥሪ። ጣቢያዎቹም እዚህም እዚያም ከከተማ ወጣ ያሉ ናቸው። ድሬ ስትደርሱ የሚቀበላችሁ ሰው ይኑር። አደራ፣ ከዚራ ያለው የድሮው ለገሃር ጋ ጠብቁን እንዳትሉ፤ አጎቴ እንዲህ ብሎን አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያ ገትሮናል። የድሮው ሀዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬ የደረሰውና ከተማዋን የቆረቆራት ነው፣ አሁን ያለው ደግሞ ሰው ማመላለስ የጀመረው በ2010 ነው። ይቅርታ፣ ባቡር ሲነሳ አፌ አይዘጋም።

ቆጣቢው፦
እኔ ከባልሽ ጋር ነኝ። ተሰድቤ ልሙት። አምስት ሰው 500 ኪሎ ሜትር ሄዶ አንድ ሰሃን ምግብ በልቶ፣ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ምንድነው? ያንን ብር በቴሌብር ብትልኪላት አክስትሽ ግማሽ በሬ ትገዛበታለች። እኔ ባለፈው ጥር ሦስት ሰርግ ሄጄ እስካሁን የመሥሪያ ቤት ብድር እየከፈልኩ ነው። በአንዱማ ሙሽራው ራሱ አላወቀኝም፣ "ማን ልበል?" አለኝ።

ቡና_በጨው፦
@ቆጣቢው ሳቄን ነው የለቀቅኩት። አንተ ግን የማያውቅህ ሰው ሰርግ ማን ሂድ አለህ? ይቺ እኮ አርባ ቀን ፍራሽ ላይ የተቀመጠችላቸው አክስት ናት።

የሳቢያኗ፦
ልጄ ማሂ፣ እኔ ድሬ ሳቢያን ነው የምኖረው። ሁለት ሴት ልጆች ድሬያለሁና የምነግርሽን ስሚኝ። ቅዳሜ እንዳትደርሺ! ቅዳሜ የሚደርስ እንግዳ ነው፣ ውሃ ቀርቦለት ወንበር ተስቦለት ይቀመጣል። ቤተሰብ የሚደርሰው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሽንኩርት ይላጣል። ሁለት ኩንታል ሽንኩርት ስንት እጅ እንደሚፈልግ ታውቂያለሽ? ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ዶሮው። አርብ ድንኳኑ ይተከላል፣ የእድሩ ድስትና ትሪ ተቆጥሮ ይመጣል፣ ሁልጊዜ ደግሞ ይጎድላል። እኛ ሰፈር የሙስሊም እንግዶች ምግብ በሙስሊም ጎረቤት ግቢ ለብቻ ነው የሚሠራው። ሥጋውም በነሱ ሰው ታርዶ፣ ድስቱም ለብቻ። ያንንም የሚከታተል ሰው ይፈለጋል። አክስትሽ ስንት ብር እንዳመጣሽ ትረሳዋለች። ሐሙስ ማታ ቢላ ይዞ ማን አጠገቧ እንደተቀመጠ ግን አትረሳም።

አንድ ሁለት ነገር ልጨምርልሽ። ፀጉርሽን አዲስ አበባ ተሠርተሽ ነይ፣ የኛ ውሃ ጠንካራ ነው፣ ሳሙናው እንቢ ይላል። ቀሚስሽ ጥለቱ የከበደ ፈትል ከሆነ ቀቅሎ ይገድልሻል፤ ሽፎን ቢሆን ይሻልሻል። ለልጆቹ አጎበር ያዢ፣ ትንኝ አለ። ስለ ማረፊያ አታስቢ። ሆቴል እይዛለሁ ብትያት አክስትሽን ማስቀየም ነው። ጎረቤት ሁሉ አልጋውን ለእንግዳ ይለቃል፣ እኔም ብሆን ለቅቄ ወለል ላይ ተኝቼ አውቃለሁ።

ማሂ_ከጀሞ፦
እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐሙስ የሚለውን ሳነብ ደነገጥኩ። አባቴ ያረፈ ጊዜ እኮ ንፍሮውን የቀቀለችው እሷ ናት። ከመንገድ እንደገባች ነጠላዋን እንዳደገደገች ማድ ቤት ገባች። እኔ ለሷ ቅዳሜ ከሰዓት ልደርስላት ነበር።

ከሜሪላንድ፦
እህት፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። የታናሽ እህቴን ሰርግ ያየሁት በስልክ ነው። እነሱ ከሰዓት ነው፣ እዚህ ገና ጠዋት። የምሠራበት ፓርኪንግ ጥግ ላይ ቆሜ። ስልኩን የያዘው የአጎቴ ልጅ ሌላውን ሁሉ ረስቶ ኬኩን ብቻ ነው ያሳየኝ፤ በመሃል ኔትወርክ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ እናቴ እያለቀሰች ነው፣ ለምን እንደምታለቅስ ሳላውቅ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ አንድ ሰው መኪናውን ሊያወጣ መጣና ቁልፉን ሰጠሁት። ሰርጉ ለኔ ይኸው ነበር። አንቺ ግማሽ ቀን መንገድ ነው ያለብሽ። ሂጂ።

ቆጣቢው፦
እሺ፣ ይሄ ገባኝ። ግን ስለ ብሩ ማንም አልመለሰልኝም። ስሜት የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ቡና_በጨው፦
ቆይ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ለምንድነው ሁሉም ሰው ሚያዝያ ላይ የሚያገባው? የመሥሪያ ቤታችን ሰው ግማሹ ፈቃድ ጠይቋል።

ሹፌር_ነኝ፦
@ቡና_በጨው ከበስተኋላ 55 ቀን ጾም፣ ከፊት ግንቦት። ግንቦት ላይ አይዳርም ስለሚባል ሁሉም ሚያዝያ ላይ ይጋፋል። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና አርብም ጾም የለ፣ ሥጋውን በፈለጉት ቀን ያቀርቡታል። እኛ ሹፌሮች ያቺን ወር እንቅልፍ አናውቅም።

@ቆጣቢው ስለ ብሩ ልክ ነህ። እኔም አምስቱም ባንድ ቀን ይሂዱ አልልም። ከፍለው መሄድ ይችላሉ። እናትና ልጅ ቀድመው በባቡር፣ ባል ቅዳሜ በአውቶቡስ። የፈቃዱም ቀን ያንሳል።

ማሂ፣ ስትመለሱ ደግሞ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ርካሽ ነው እያላችሁ ብርድ ልብስና ሽቶ እንዳትሸምቱ። አዋሽ ኬላ ላይ ጉምሩክ ይፈትሻል። ለራስ የምትሆን አንድ ሁለት ዕቃ ሌላ ነገር ናት፤ በዛ ካለ ግን ገንዘባችሁ እዚያው ይቀራል።

የማሂ_ባል፦
ሰላም። ወረቀቱን የሠራሁት ሰውዬ ነኝ። ሚስቴ እዚህ እንደጻፈች አላወቅኩም ነበር፤ የሥራ ባልደረባዬ "ይሄ የናንተን ቤት ይመስላል" ብሎ ነው የላከልኝ። ጀሪካኑ ነው ያስታወቀን።

አንድ ነገር ላስተካክል። ልጆቹና እኔ እንቅር ያልኩት በብሩ ብቻ አይደለም። ለለቅሶው ጊዜ አክስቷ ቤታችን ስትከርም እኔ የመስክ ሥራ ላይ ነበርኩ። በደንብ አልተቀበልኳትም፣ ስትሄድም አልሸኘኋትም። ከዚያ ወዲህ በስልክ እንኳ ሳናግራት አፍራለሁ። ይህንን ማሂ አታውቅም። አሁን አወቀች።

የሹፌሩን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። እነሱ ሐሙስ በባቡር፣ እኔና ትልቁ ልጅ ቅዳሜ በአውቶቡስ። ጠጁን እኔ አመጣለሁ። ባቡር ጣቢያ እናቷን፣ ትንሿን ልጅና ጀሪካን ይዛ አትችልም።

የለገሃር_ልጅ፦
ወይኔ! ክሩ ወዴት ወዴት ሄደ። ወንድሜ፣ ይመችህ።

የሳቢያኗ፦
ልጄ፣ ስትመጣ በሩ ላይ ቀድመህ ሳማትና አለቀ። ድሬ ሰው ቂም የሚይዝበት ጊዜ የለውም፣ ሙቀቱ አያስችልም። ጀሪካኑን ግን አስተንፍስ!

ቆጣቢው፦
ክዳኑን አስተንፍስ። እኔም እላለሁ። ያ ጠጅ ከፈሰሰ ኪሳራው እጥፍ ነው።

ማሂ_ከጀሞ፦
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ጠፋሽ ላላችሁኝ ይቅርታ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

ሐሙስ ደረስን። ባቡሩ ሚኤሶን አልፎ አንድ ቦታ ቆመ፤ ከብት ነው አሉ። እናቴ ተነስታ ከፉርጎው ጫፍ እስከ ጫፍ ተራመደችና "ጉልበቴን ያዳነው ይሄ ከብት ነው" አለች። ልጄ ሳላ አላየችም። ግመል ሠላሳ አንድ ቆጠረች፣ ከዚያ ተኛች። ጣቢያ የሙሽሪት ወንድም መኪና ለምኖ ተቀበለን። እትዬ የሳቢያኗ፣ ያሉት ሁሉ ነበር። ግቢው በሽንኩርት ተሞልቷል፣ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ያለቅሳል፣ ሁሉም ይስቃል። አክስቴ እኛን ስታይ ቢላዋን ጣለችው። እጇ ሽንኩርት ስለነበር መዳፏን ወደ ውጭ አድርጋ በክንዷ ብቻ ነው ያቀፈችኝ። አንገቴ ላይ የሽንኩርቱ ውሃ ሲንጠባጠብ ይታወቀኛል። ከዚያ እናቴን አየቻት። ሁለቱ ምንም አልተባባሉም፤ እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ በርጩማ ሳበችና ተቀመጠች። በስድስተኛው ሽንኩርት ላይ ነው ማውራት የጀመሩት።

የባለቤቴን ጉዞ እሱ ራሱ ይንገራችሁ። እኔ ልነግር አልችልም፣ ስቄ።

የማሂ_ባል፦
እሺ። አዋሽ ላይ አስተነፈስኩት። በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ አስተነፈስኩት። አሰበ ተፈሪ ላይ ምሳ በላን፣ ልጁ ለስላሳ ፈለገ፣ ረሳሁት። ከሂርና ወዲያ ዳገቱን እየወጣን ሳለ ከእግሬ ሥር "ቡፍ!" አለ። ክዳኑ የት እንደገባ እስካሁን አልተገኘም። ጠጁ እንደ ፏፏቴ ወጣ። ሱሪዬ፣ ጫማዬ፣ ያጎነበስኩ ጊዜ ደግሞ ፊቴ። አውቶቡሱ በማርና በጌሾ ሽታ ታጠነ። ሁሉም ሰው ጸጥ አለ። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት "የሰርግ ነው?" አሉኝ። አዎ እማማ ስላቸው "እልልልል!" ብለው አቀለጡት፣ ሰዉ ተቀበላቸው፣ አውቶቡሱ በሙሉ እልልታና ጭብጨባ ሆነ። ረዳቱ ሊቆጣ መጥቶ ነበር፤ መጨረሻ ላይ የቀረውን በላስቲክና በጨርቅ አፉን ያሰረልኝ እሱ ነው። ቁልቢ ላይ ሲቆሙ ወርጄ ገብርኤልን ግማሹን እንኳ አድርስልኝ አልኩት።

ድሬ እንደዚያው እየሸተትኩ ገባሁ። አክስቷ በሩ ላይ ነበረች። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፣ ስለ ለቅሶው፣ ስላልሸኘኋት። አላስጨረሰችኝም። ሸሚዜን አሸተተችና "እህቴ ጌሾ አብዝታለች" አለች። ወዲያው የሌላዋ ሴት ልጇን ባል ሸሚዝ አምጥታ ሰጠችኝ። ሰርጉ ላይ የለበስኩት የሰው ሸሚዝ ነው፣ እጀታው አጭር ነበር።

ሹፌር_ነኝ፦
አፉን በላስቲክ ያሰረው ረዳት ዕድለኛ ነው፣ ሁለተኛ አልፈነዳበትም። ወንድሜ፣ መኪና በቆመ ቁጥር አስተንፍሱት አልኩ እንጂ አንድ ቦታ አላልኩም።

ቆጣቢው፦
ስንት ሊትር ተረፈ?

ማሂ_ከጀሞ፦
ሰባት ገደማ። እናቴ ለሰርጉ አታሳዩት አለች፤ ለመልሱ ቀን ተቀመጠ። ለሙሽሮቹና ለቅርብ ዘመድ አንድ አንድ ብርሌ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ጠይቀው አጡ። ወጪያችን ባለቤቴ ካሰላው በላይ ነው የሆነው @ቆጣቢው፣ አልደብቅህም። ወረቀቱ አሁንም ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል።

የሳቢያኗ፦
እናትሽ ጉልበቷ እንዴት ሆነ? ተመልሳ ገባች?

ማሂ_ከጀሞ፦
አልተመለሰችም እትዬ። መጀመሪያ "ቅልቅሉን ልይ" አለች። ቅልቅሉ አለፈ። አሁን ደግሞ ሱቁ ውስጥ ከእህቷ ጋር ተቀምጣ ስኳር ትመዝናለች አሉ። ትናንት ስደውልላት "ደንበኛ መጥቷል፣ ቆይተሽ ደውይ" ብላ ዘጋችብኝ።